ጾም ያደረው ድረ ገጽ

አቶ ወዳጆ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የአገሩን የጋራ ሣር መሬት፣ ጓሳን፣ በመጠበቅ ነው። ሣሩ እንዲያገግም በተዘጋባቸው ዓመታት አንዲት በግ ሾልካ ብትገባ ባለቤቷን ከነአባቱ የሚያዋርዱ፣ ለገዛ ወንድማቸው እንኳ አንድ እስር ሣር ያላሳለፉ ሰው ናቸው። ስለዚህ የዘመሮ ከተማ ሴቶች በማኅበር ሆነው፣ የበግ ጠጉር ፈትለው የሚያሠሩትን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ባናን፣ በድረ ገጽ መሸጥ ሲጀምሩ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር እሳቸው ሆኑ። ኮምፒውተር ነክተው ስለማያውቁ ለማንም አያዳሉም ተባለ። በዚህ ሚዛን ከሆነ፣ እውነትም ከሳቸው የተሻለ አልነበረም።

ድረ ገጹን የሠራው የከተማው ኮምፒውተር ጠጋኝ ተክለጻድቅ ነገሩን በትዕግሥት አስረዳቸው። ገጹ የተቀመጠው ሩቅ አገር፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሰው አድራሻውን ስልኩ ላይ ሲጽፍ ጥያቄው እዚያ ይደርሳል፤ ያም ኮምፒውተር የገጹን ቅጂ ይልክለታል። አድራሻው ግን በየዓመቱ ካልታደሰ ከእጅ ይወጣል። አቶ ወዳጆ እስከ መጨረሻው ራሳቸውን ነቀነቁ። ራስ መነቅነቁን እንኳ ይችሉበታል።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ተክለጻድቅ ደስ ብሎት መጣ።

"ጋሼ፣ ጎብኚው በዛ። ከየአገሩ እየገቡ ነው።"

"ማን ፈቀደላቸው?" አሉ አቶ ወዳጆ ደንግጠው።

"ለሁሉም ክፍት ነው እኮ።"

"እንግዲያው ጨርሰውታል በለኛ።"

"አያልቅም። የሚወስዱት ቅጂውን ነው፤ ዋናው አይነካም።"

"ሣርም ሲያጭዱት ሥሩ አይነካም። ግን ይደክማል። ይዘጋና ሦስት ዓመት ጾም ይደር።"

የማኅበሩ ኮሚቴ በአንድ ድምፅ አጸደቀ፤ አባላቱም የተመረጡት በዚያው ሚዛን ነበር። ለተዘጋ ነገር ምን እድሳት ያስፈልገዋል ተብሎ አድራሻውም ሳይታደስ ቀረ። ልጃቸው እስከዳር ባል የሞተባት ናት፤ ልጆቿን የምታሳድገው በባናው ነው። እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው።

"ታገሺ፣ ልጄ" አሏት። "ሲከፈት ለምልሞ ታገኚዋለሽ።"

ታገሠች። የሚገዛ ጠፍቶ ባናው ቤቷ ውስጥ ተከመረ፤ ትልቁ ልጇም ትምህርቱን ትቶ የቀን ሥራ ገባ።

ሦስቱ ዓመት አልፎ የመክፈቻው ቀን ደረሰ። አቶ ወዳጆ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ኮሚቴውንና እስከዳርን አስከትለው ተክለጻድቅ ሱቅ ገቡ። አድራሻው ተጻፈ። ብቅ ያለው የኳስ ውርርድ ነው።

"ማነው ይሄ የገባው?"

"አድራሻውን ስንለቀው ሌላ ሰው በስሙ አስመዘገበው። ሕጋዊ ነው፣ ጋሼ።"

አቶ ወዳጆ ይከሰስ አሉ፤ ይባረር አሉ፤ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ጥሩልኝ አሉ። እስከዳር ግን ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አልነቀለችም።

"አባዬ" አለች በመጨረሻ፣ "ጓሳ ሲዘጋ እርስዎ በዝናቡም በብርዱም ዳር ዳሩን ሲዞሩ ነበር የሚያድሩት። ይሄን ዘግተው ማንን አቆሙበት?"

አቶ ወዳጆ ኮሚቴውን ዞረው አዩ። ኮሚቴው መሬት መሬት ያያል።

"ማንንም" አሉ።