ከግድግዳው ጀርባ የሚሄድ ውሃ

አበዛሽ ሚድታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ሌሊት ስለምትሠራ የምትተኛው ቀን ነበር። ከባሏ ከታደገ ጋር ቻምብሊ ሰፈር አፓርትመንት ውስጥ ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ፣ በ2014 ከከተማው ወጣ ብሎ ሊቶኒያ ላይ ማንም ያልኖረበት አዲስ ቤት ገዙ። በመጋረጃው የሚገባው ብርሃን እንኳ ገና ያልተነካ ይመስላት ነበር።

ዓመት ካለፋቸው በኋላ አንድ ሕልም ይመላለስባት ጀመር። የማታውቀው ወንዝ በአልጋዋ ሥር ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ደስ ይላታል እንጂ አያስፈራትም። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ዓይኗን ገልጣም ድምፁ አልቆመም። ተነሥታ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ሄደች። መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ስትደርስ ግድግዳው መዳፏን ቀዘቀዛት። ጆሮዋን ለጠፈች። ውሃ ነው።

ታደገ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ሲገባ እዚያው ቆማ አገኛት። እሱም አዳመጠ።

«የሠሩት የሰጡን የጥገና ዋስትና፣ ዋራንቲያችን እኮ ዓመት ሞልቶት አለቀ» አላት። «ያ ኮል ያደረገልን ሰውዬ የሚሸጠውን ተጨማሪ ዋስትና፣ ኤክስቴንድድ ዋራንቲውን እንግዛ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ የሠሩትን ልጠይቅ።»

ቤቱን የሠራው ድርጅት ቢሮ ስልኩን ያነሣችው ሴት ረጋ ብላ አስረዳቻት። ዓመት የሚሸፈነው ቀለሙ፣ በሩና ወለሉ ነው። በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው የውሃና የመብራት መስመር ሁለት ዓመት፣ መሠረቱ ደግሞ አሥር ዓመት ይሸፈናል።

ታደገ ኤክስቴንድድ ዋራንቲ ለሚሸጠው ሰውዬም ደወለ። ሰውየው አልደበቀውም፤ «አሁን ያለውን ብልሽት አንሸፍንም። ወደፊት ቧንቧ ቢፈስ ቧንቧውን እንጠግናለን፣ የተቆረጠውን ግድግዳ መድፈን ግን የእናንተ ነው» አለው።

ቤቱን የሠራው ድርጅት በነፃ የላከው የቧንቧ ሠራተኛ ግድግዳውን ቆርጦ የላላውን መጋጠሚያ አገኘ። እንጨቱ ገና አልበሰበሰም። አበዛሽ በቀዳዳው ወደ ውስጥ አየች፤ ነጣ ያለ እንጨት፣ የአናጢ እርሳስ ምልክት፣ የጥድ ሽታ።

«ቤታችን እንዲህ ሆኖ ነው የቆመው?» አለች ቀስ ብላ።

ኤክስቴንድዱን በኋላ፣ ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ገዙት፤ ያኔም አበዛሽ የማይሸፍነውን አንድ በአንድ ጠይቃ ነው።

ግድግዳው ተደፍኖ የተቀባ ዕለት፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለቱ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ማዶ ገና የሚሠራ ቤት፣ ግድግዳ ሳይለብስ በእንጨቱ ብቻ ቆሟል። በእንጨቶቹ መሃል ሰማዩ ሲቀላ ያዩ ነበር።