በቀይ ክር የተሰፋው በርኖስ

የበግ ጠጉር ዝናብ ሲመታው የሚሸተው ሽታ አለ። ዛሬም ዘመሮ ገበያ ላይ በርኖስ የደረበ ሽማግሌ ረጥቦ ባጠገቤ ካለፈ እግሬ ይያዛል፤ የሄድኩበትን እረሳለሁ።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ወስደው ቀይ ባሕር መካከል ያለች ደሴት ላይ ጣሉት። ከቤታችን መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የለየሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስጽፎ የሚልከውን ደብዳቤ ለእናቴ አነብላታለሁ። "እማዬ፣ እዚህ ሙቀቱ ለጉድ ነው፤ ልብስ ልላክ ብለሽ እንዳትደክሚ" ይላል።

እናቴ አላመነችም። "እንዳልደክም ብሎ ነው እንጂ" አለች። "ውርጭ ገብሳችንን የሚፈጀው ወንዝ ዳር ያለውን አይደለም እንዴ? ውሃ ከቦት የማይበርደው ማን አለ?"

እኔም ባሕር አይቼ አላውቅ፤ እውነቷን ነው አልኩ። መንዝ ውስጥ ማንም ቢሰማ እውነቷን ነው ይል ነበር።

ክረምቱን ሙሉ የጥቁር በግ ጠጉር ስትፈትል ከረመች። ጣቷ ሲቆስል በጨርቅ አስራ ትቀጥላለች። ጎረቤታችን ሸመነው፤ በርኖስ ሆነ። በአቡጀዲ ጠቅልለን አፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጥቁሩ ክር ቢያልቅብኝ በቀይ ጨረስኩትና ፈቃዱን ጨርሶ ወደዚያው ለሚመለስ ወታደር ሰጠነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ፣ እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ፣ የሚያነክስ ወታደር ደጃችን ቆመ። የወንድሜ ጓደኛ ነኝ አለኝ። ብብቱ ሥር ያ ጥቅል አለ። ቀዩን ክሬን አየሁት፤ እንደሰፋሁት ነው።

"የደረሰው እሱ በሞተ በሳምንቱ ነው" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። "መክፈቱን ፈራን።"

አላለቀስኩም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ቅዳሴው አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መውረድ ጀምሯል። ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። በርኖሱን አውጥቼ ጨመዳደድኩት፣ ደጅ አፈር ላይ ጎተትኩት፣ አቡጀዲውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

"እባክህ ወንድምዓለም" አልኩት፣ "ለብሶት ነበር በላት።"

እናቴ ገብታ ብቻውን የቆመውን ወታደር ስታይ ገባት። መጀመሪያ የጠየቀችው ግን "በርዶት ነበር?" ብላ ነው።

"የእጅዎን ሥራ ለብሶ ነበር እማማ" አላት። "ከላዩ አላወረደውም።"

ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሟች ልብስ መሃል ይዘረጋል። በርኖሱ ተዘርግቶ አገር አለቀሰ። እናቴ "ልጄስ በብርድ አልሞተም" እያለች ደረቷን ትደቃለች። እኔ ሰው እንዳይነቃብኝ ስጠብቅ ዋልኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በወጉ አላለቀስኩለትም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩ።

እናቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ በርኖሱን አውርዳ ፊቷን ትቀብርበታለች።

"ልጄን ይሸታል። ነይ፣ አሽትቺው" ትለኝ ነበር።

ጎንበስ ብዬ አሸተዋለሁ። የራሳችንን በግ ይሸታል፣ የራሳችንን ጓዳ ጭስ ይሸታል።

"አዎ እማዬ" እላታለሁ፤ "እሱን ይሸታል።"