ቁጫጭ ነው ወይስ ምስጥ

በሁለት ሺህ ስምንት የጊች ሰው ከተራራው ፓርክ እንዲነሣ ተደርጎ ወደ ደባርቅ ከተማ ሲወርድ ዋሴ ከአሮጌው ቤቱ ነቅሎ ያመጣው አንድ ምሰሶ ነው። ሚስቱ ማስተዋል፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሃያ ዓመት ጀርባዋን ምሰሶው ላይ አስደግፋ የበግ ጠጉር ስትፈትል ኖራለች። እስከ መኪናው መንገድ ሰው አሸክሞ፣ ከዚያ በአይሱዙ ጭኖ፣ አዲሱ የቆርቆሮ ቤቱ መካከል ተከለው።

ሁለተኛው ክረምት እንደወጣ፣ ጠዋት ጠዋት ምሰሶው ላይ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር አየ። ጠጋ ቢል ክሩ ይሄዳል። ጊች ላይ ብርዱ እንዲህ ያለ ነገር ቤት አያስገባም፤ ስሙን እንኳ አያውቀው። ምስጥ እንጨት ይበላል ሲባል ግን ሰምቷል። ይኼ ምስጥ ቢሆንስ? ምሰሶው ቢያልቅስ? ለመጠየቅ ደግሞ አፈረ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ጉንዳን አላውቅም ይላል?

ሦስት ቀን ተቀምጦ አያቸው። ቤት ውስጥ ከእሱ ሌላ የሚንቀሳቀስ ስለሌለ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልጠላቸውም።

በአራተኛው ቀን ጎረቤቱ ታንጉት እሳት ልትጭር መጣች። እንደ ምንም ብሎ ጠየቃት።

«እታለም፣ ይኼ ነገር... ምስጥ ይሆን?»

ታንጉት ሳቀች። «ኧረ አያ ዋሴ፣ ይኼማ ቁጫጭ ነው። ምን ብታፈስ ነው?»

«ሻይ ሳይሆን አይቀርም።»

«በል እንግዲያው ስኳሩን ነው የመጣ። ገብረ ጉንዳን ቢሆን ነበር አንተን ከነአልጋህ የሚያስወጣህ።»

«ምስጡስ?»

«ምስጥ ብርሃን ይፈራል። የአፈር ቧንቧ ሠርቶ በውስጡ ነው የሚሄድ። እንዳንተ ነው፣ ሰው ፊት አይወጣም።»

ዋሴም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ከወር በፊት ምሰሶው ሥር የአፈር ክር አይቶ፣ የራሱ ምርጊት የተረፈ መስሎት፣ በጭቃ ደህና አድርጎ ለስኖት ነበር።

ታንጉት ፍሟን በገል ይዛ ስትወጣ ጭቃውን በቢላ ፋቀው። ነጫጭ ናቸው። ብርሃን ሲያገኛቸው ተተረማመሱ።

ምሰሶውን ቆፍሮ ነቀለው። ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ተበልቷል፤ ሲጨብጡት ይፈርሳል። ከዚያ በላይ ግን ደህና ነው። የተበላውን በመጋዝ ቆርጦ አቃጠለ፣ ለቀሪው ድንጋይ ደረደረለት፣ ዙሪያውን አመድ ነሰነሰ። ማቆሙ ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ አንዱ ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ነው ሌላው ከላይ በሚስማር የሚመታው።

ወደ አጥሩ ሄደ። ታንጉት ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አልሰማችም። ደግሞ ሊጠርግ አሰበና ተወው። ተመልሶ ምሰሶውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ከጎኑ ቁጭ አለ።