የዘንዶው አምስት ጥፍር

ሴትዮዋ የቻይናውን ልብስ ያመጣችልኝ በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ጠቅልላ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ እንጀራዋ ደግሞ ቤት ማሻሻጥ። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ባለቤቶቹ የሞቱበትን ቤት ልትሸጥ በገባች ቁጥር፣ ሌላ ሰው ሳይደርስ አንድ ዕቃ መርጣ በርካሽ ይዛ ትወጣለች። ያንኑ ለቤተ ክርስቲያን ትሰጥና ስሟ በማይክሮፎን ይጠራል። መስጠቷን አልጠላም። የምጠላው፣ ስሟ ሲጠራ እንዳልሰማች ሆና ነጠላዋን ማስተካከሏን ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ላውንደሪ ጥግ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሰርግ ካባ እሰፋለሁ። ሴትዮዋን በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። በሩን ዘግታ ስትወጣ ግን አንቺም ይበዛባታል።

«ይኸውልሽ የኔ ልጅ» አለች ልብሱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፋ። «ቤዝመንት ውስጥ ቦክስ ተደርጎ ያገኘሁት ነው። ወርቅ ነው እኮ። ለጊዮርጊስ ንግሥ ለአባ ካባ አድርገሽ ስፊልኝ። ሁለት ሳምንት አለሽ፤ ሰርፕራይዝ ላደርጋቸው ነው።»

የሐር ልብሱን ገለጥሁት። ደረቱ ላይ በወርቅ ክር የተጠለፈ ዘንዶ ፊት ለፊት አፈጠጠብኝ። ጺሙ ግራና ቀኝ ተወናጭፏል፤ ቅርፊታም ገላው እየተጠማዘዘ ትከሻውን ይዞራል። ካገጩ ሥር የምትነድ ዕንቁ አለች። ዙሪያውን ደመና ነው፤ ታች ዘርፉ ላይ ደግሞ የባሕር ማዕበል። ጀርባውም ላይ እንደዚሁ ሌላ ዘንዶ ተጠልፏል። ጎንበስ ብዬ ጥፍሮቹን ቆጠርሁ። አምስት አምስት ናቸው።

ጥፍር መቁጠር የተማርሁት እዚያው አሌክሳንድሪያ ነው። ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ የድሮ የቻይና ዕቃ የሚሸጡ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ። የተቀደደ ጥልፍ እየጠገንሁላቸው ስምንት ዓመት ሆነኝ። ደንበኞቻቸውን አይቼ ስቄ አልጠግብም። አንዷ የሶፋዋን ትራስ ተሸክማ መጥታ፣ ከሱ ጋር የሚሄድ ግራጫ ዘንዶ የለም ወይ ብላ ጠይቃለች። ሌላው የአንድ መኳንንት ልብስ ገዝቶ፣ እጅጌውን በብረት ወጥሮ የምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከሥሩ ተቀምጦ ስቴክ ይበላል። ሽማግሌው ግን ሌላ ሰው ናቸው። ከዚህ አገር ሰው አንቱ የምለው እሳቸውን ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስለማይታወቅ በሆዴ ነው የምላቸው።

የቻይናዎች ዘንዶ ዝናብ የሚያመጣ እንጂ ሰው የሚውጥ እንዳልሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በደንቡ አምስት ጥፍር የንጉሥ ነው፤ ከንጉሥ በታች ላለ ሰው አራት። አንድ ቀን አንድ ያረጀ ልብስ ከመሳቢያ አውጥተው በማጉያ መነጽር አሳዩኝ። ከእያንዳንዱ እግር አንዳንድ ጥፍር ጎድሎ፣ በቦታው የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። «ልብሱ ከንጉሥ ቤት ወጥቶ ታናሽ ሰው እጅ ገብቷል» አሉኝ። «ሰውየው ለአንገቱ ፈራ። ግን እዪ፣ ፈርቶም መቀስ አላነሣም። በመርፌ አንድ በአንድ ነው የፈታው።» እሳቸው ቤት መቀስ ከክር በቀር ምንም አይቆርጥም። የሱቃቸውን ቁልፍ የሰጡኝም ይህን እንደማከብር አይተው ነው።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። «ይሄ እኮ ዘንዶ ነው» አልኳት።

መነጽሯን አደረገች። «የቱ ነው ዘንዶ? አንበሳ ነው እንጂ። ጎፈሩን አታዪም?»

«ቅርፊቱስ?»

«ጠጉሩ ነዋ።»

«ይሄ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ሁሉስ?»

«ጅራቱ ነው። የቻይና አንበሳ እንደዛ ነው፤ እነሱ ሲሠሩት ያስረዝሙታል።» መነጽሯን አወለቀች። «ሞዐ አንበሳ ነው ይሄ። እኔ እጅ የገባው በከንቱ መሰለሽ?»

ደግሜ ልነግራት ስል የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ታየኝ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ የሚያሳየው ትልቁ ሥዕል እዚያ አለ። ከሥሩ አባ፣ ዘንዶ የተጠለፈበት ካባ ደርበው ይቆማሉ። ሕዝቡ አንዴ ወደ ሥዕሉ፣ አንዴ ወደ ካባው ያያል። ከዚያ የሴትዮዋ ስም በማይክሮፎን ይጠራል። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ «እሺ፣ ለንግሡ ይደርሳል» አልኳት።

በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አነጠፍሁት። ልብሱ ጠባብ ነው፤ አባ ደግሞ ሰፊ ትከሻ አላቸው። ካባ እንዲሆን እጅጌው መውጣት፣ ጎኑ መከፈት አለበት። በሳሙና መስመር አሰመርሁ። መቀሱን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ። አስቀምጬው ሱሪ ሳሳጥር ዋልሁ። መቼም ለእምቢታ በቂ ጊዜ ነበረኝ። ስልክ ደውዬ «እኔ ይህን አልቆርጥም» ማለት ብቻ ነበር። ግን ያን ብል ሴትዮዋ ሌላ ሰፊ ትፈልጋለች፤ እኔም ያቺን ቀን ሳላያት ልቀር ነው። ቆረጥሁ።

የወርቅ ክር ጨርቁን አይበሳም። ላይ ላዩን ይነጠፍና በቀጭን ቀይ ሐር ይታሰራል። መቀሱ ሲያልፍበት እስሩ ይፈታና ወርቁ ይንከረፈፋል። አንደኛው እግር የተጠለፈው ትከሻው ከእጅጌው በሚገናኝበት ላይ ስለነበር መሐል ለመሐል ሄድሁበት። ሦስት ጥፍር ካባው ላይ ቀረ፤ ሁለቱ ከእጅጌው ጋር ወደቀ። የተንከረፈፈውን ወርቅ አጥፌ ሰፋሁት። ቀይ ገበር አገባሁለት፤ ጠርዙን በሙካሽ ጌጥ ከበብሁት። በክፋትም ቢሆን መጥፎ ስፌት አልችልም። የጀርባውን ዘንዶ ሁሉም እንዲያየው፣ አናቱን በአባ ጀርባ ልክ መሐል ላይ አዋልሁት።

ንግሡ እሑድ ተከበረ። ከሩቅ፣ ከሎረልም ከውድብሪጅም ሰው መጥቶ ፓርኪንጉ ሞልቶ ነበር። አባ ካባውን ደርበው ወጡና ፊታቸውን ወደ መቅደሱ መለሱ። ዘንዶው ከሥዕሉ ሥር ቦግ አለ። እኔ ከኋላ ዓምድ ተደግፌ የመጀመሪያውን ሹክሹክታ ጠበቅሁ።

እልልታ ሆነ። አጠገቤ የቆመችው ሴት በክርኗ ነካ አደረገችኝ። «አንበሳውን አየሽው? ግርማው ሲያስፈራ።» ከፊት ያሉት ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሣሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ከዚያ ሥዕል ፊት ቆመው ሰግደዋል፤ ዘንዶ ምን እንደሚመስል አንዱ እንኳ አላየም። ማጣፈጫው ደግሞ አባ ነበሩ። በስብከታቸው መጨረሻ ስለ ይሁዳ አንበሳ ተናግረው ሴትዮዋን በስሟ አመሰገኑ። እሷም እንዳልሰማች ሆና ነጠላዋን አስተካከለች። ሁሉንም ናቅኋቸው፣ ከፊት እስከ ኋላ።

አባ ቀጥለው «የሰፋችውንም እኅታችንን» አሉና ስሜን ጠሩ። ሰው ዞሮ አየኝ። እጄ ወደ ነጠላዬ ሲሄድ ያዝሁት፤ ቢሆንም ሄዷል።

ማክሰኞ ቤልትዌይ የሚሉትን አውራ ጎዳና ይዤ አሌክሳንድሪያ ወረድሁ። ሁለቱን እጅጌዎች በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። የድሮ ሐር ለመጠገኛ ስለማይገኝ ሽማግሌው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ ነግሬያታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ዘንዶ ዘርግተው ይጠብቁኝ ነበር፤ አንድ ክንዱን አይጥ የበላው፣ የዓመት ሥራ የሚሆን። ከእኔ በቀር ለማንም እንደማይሰጡት ባለፈው ጊዜ ነግረውኛል።

«ኢስቴት ሴል፣ የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ አገኘሁት» ብዬ ጥቅሌን ፈታሁ።

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ጥልፉን በጣታቸው ጀርባ ዳሰሱ። ፊታቸው በራ። ከዚያ ጠርዙን አዩት። ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ መቶ ዓመት የቆየ አቧራ ከላይ አለ፣ ከተቆረጠበት ግን የለም። ከጠርዙ ላይ የሳሙናዬን መስመር በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ። ይህን ሳሙና ያውቁታል። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የምሄደው ነው።

«ሁለት ጥፍር» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስቱስ የት አሉ?»

«አንድ ቄስ ትከሻ ላይ» አልኋቸው።

ስለ ሴትዮዋ ልነግራቸው ጀመርሁ፤ አንበሳ ነው ማለቷን፣ ማይክሮፎኑን፣ ሥዕሉን። ሰው የሚያስቅ ታሪክ ነው፤ ሌላ ቦታ አውርቼው ስቀውበታል። እሳቸው አልሳቁም።

«እሷ ዘንዶ መሆኑን አላወቀችም» አሉ። «አንቺ ታውቂ ነበር።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሴትዮዋን ንቄ የነቀነቅሁት አጥር የእሷ አልነበረም። ዓይኑ እስኪደክም ቀይ ሐሩን ያሰረ፣ ስሙን የማላውቀው፣ እንደ እኔ መርፌ ይዞ የኖረ ሰው አጥር ነበር።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ጠረጴዛው ላይ የዘረጉልኝን ልብስ በወረቀት መሐል አድርገው አጠፉት። እጄን ላግዛቸው ስዘረጋ «ተዪው፣ እኔ እችላለሁ» አሉኝ። መሳቢያው ውስጥ አስገብተው ዘጉት። የሱቃቸውን ቁልፍ ከቁልፍ መያዣዬ አውጥቼ እጅጌዎቹ አጠገብ አስቀመጥሁት፤ ውሰጂው አላሉኝም።