ሦስተኛው ስምንት ሰዓት

ሰበታ ያለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ተቆጣጣሪነት የገባሁት ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሽመና ክፍል ገብቼ «ደኅና አደራችሁ» ስል የገዛ ድምፄን አልሰማሁትም። ማሽኖቹ ማንንም አያሰሙም።

ደስ አለኝ። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። እዚህ ግን ሁሉም የሚያወራው በእጁ ነው።

ያስተማረችኝ ጫልቱ ናት፤ እጇም አፏም ፈጣን የሆነ የሽመና ማሽን ሠራተኛ፤ አባቷ ፉሪ ላይ ያርሳሉ። ሁለት ጣት እንደ መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ ድሩ ተበጥሷል ማለት ነው። የተጨበጠ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ፣ ማሽኑን አቁም። መዳፍ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ፣ ፈረቃዬ አልቋል፣ ልተኛ ነው። ቁጥር በጣት ይነገራል። ምልክቶቹን የለመድኩ ቀን «ኢንጂነር፣ ገና አሁን አፍ ፈታሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬዎች መሬት የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲነሣ የጫልቱ ሳቅ ቀነሰ። «አባዬ ማሳዬ ሊወሰድ ነው ብሎ እንቅልፍ አጥቷል» አለችኝ። መንገድ ይዘጋል፣ ሰርቪስ ይቀራል፣ ማሽን ሰው አጥቶ ይቆማል። የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ 23፣ የደረሰው በዚህ መሀል ነው።

በፋብሪካችን በዓሉ የሚከበረው በሠራተኞች ክበብ ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቱሉ የቀኑን ታሪክ ይናገራሉ፤ ከዚያ ክፍል ከክፍል ገመድ ይጓተታል። ታሪኩን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ የሚመጣው ለገመዱ ነው።

የዚያን ቀን ሠራተኛው በእግሩ መጥቶ ክበቡን ሞላው። ኦቦ ቱሉ ግን ቤተሰብ ሊጠይቁ ቡራዩ ሄደው መንገድ ተዘግቶባቸዋል። ሥራ አስኪያጁ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ተናጋሪ የሌለው በዓል ስብሰባ ነው» አሉ። «ዘንድሮ ደግሞ ስብሰባ አንፈልግም። ፕሮግራሙን የሚመራ ከሌለ ማሽን ይነሣ። የቆምንባቸውን ቀናት እናካክስ።»

ስልኬ ጠራ። ኦቦ ቱሉ ነበሩ።

«ልጄ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ታሪኩን ተናገሪ።»

«ኦቦ፣ እኔ እኮ ድምፅ የለኝም።»

«ሽመና ክፍል ውስጥ ድምፅ ያለው ማን ነው? ቀኑን እንዳታስነጥቂን።» ስልኩን ዘጉት።

ጫልቱ ጀርባዬን ገፋ አደረገችኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣሁ። «የሠራተኞች ቀን ታሪክ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አይሰማም» አለ አንዱ ከኋላ።

«ከእኛም ጋ አይሰማም» አለች ከፊት ረድፍ የተቀመጠች ሴት፤ ክበቡ በሳቅ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ።

አፌ ሲደርቅ እጄ ተነሣ። ድሮ በአሜሪካ፣ ቺካጎ በምትባል ከተማ፣ ሠራተኞች ከንጋት እስከ ምሽት ይሠሩ እንደነበር በምልክትና በአጫጭር ቃላት ነገርኳቸው። የተጨበጠ እጄን ወደ ላይ አነሣሁ፤ የቺካጎዎቹ ማሽን አቆሙ። ምልክታችንን ለማያውቁት የማጠናቀቂያ ክፍል ልጆች ጫልቱ በአማርኛም በኦሮምኛም ታስተጋባልኛለች። የታሰሩ፣ የሞቱም እንደነበሩ ነገርኳቸው። ሁላችንም ውጭ መንገድ ላይ ያለውን ተቃውሞ ያሰብን ይመስለኛል።

ወደ ጥያቄያቸው ደረስኩ። ስምንት ጣት፣ ሥራ። «ስምንት ሰዓት፣ ሰኣቲ ሰዴት» ትላለች ጫልቱ። ስምንት ጣት፣ መዳፌ ጉንጬ ላይ፣ እንቅልፍ። እንደገና ስምንት ጣት ዘረጋሁና እጄ አየር ላይ ቀረ። ሦስተኛው ስምንት ሰዓት ለራስ ነው። ሽመና ክፍል ውስጥ «ለራስ» የሚል ምልክት የለም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ከኋላ ያለው።

«ለራሳችሁ» አልኩ። «ምልክቱን እናንተ ስጡኝ።»

ከወላይታ የመጣ ልጅ ሁለት እጁን ለጸሎት ገጠመ። አንዷ ሕፃን አቀፈች። አንዱ ተነሥቶ ኳስ መታ። ሌላው ብርጭቆ ጨለጠ፤ «አንተማ ሃያ አራቱንም ነው» ተባለ። ጫልቱ እንደ አባቷ እርፍ ጨብጣ አረሰች፤ ትኩር ብዬ አየኋት፣ አልሳቀችም። ክበቡ በእጅ ተሞላ።

በአገራችንም ከአብዮቱ ወዲህ ቀኑ የዕረፍት በዓል መሆኑን ተናግሬ ወረድኩ።

«ይኼ ንግግር ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ነው ጌታዬ» አለች ጫልቱ። «ሁሉም ገብቶታል። እርስዎስ የትኛው ነው ምልክትዎ?»

ትንሽ አሰቡና በእጃቸው ዓሣ ከውኃ ጎትተው አወጡ። ሳቁ እስከ ግቢው ተሰማ። ማሽን የማስነሣቱን ነገር ማንም ዳግመኛ አላነሣም፤ እሳቸውም ጭምር። በገመድ ጉተታው ፈትል ክፍል አሸነፈን።

ዛሬ የሽመና ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፤ አዲስ ለሚመረጡ የማኅበር መሪዎች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ለበዓሉ ሁልጊዜ ሁለት ተናጋሪ አዘጋጁ፤ ሁለተኛው ፋብሪካው አጠገብ የሚኖር ይሁን።