ባለዳክዬው የክርስትና ቀሚስ

በዚያ ቀን በቀበሌው የስፌት ክፍል የነበርነው እኔ፣ የእናቴ ታናሽ እህት የሆነችው አክስቴ፣ የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ በር ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ የሚያንቀላፋው የአብዮት ጠባቂ፣ ኋላም ሳይጠራ የመጣው ካድሬ ነን። የስፌት መኪናውንም ከሰው ልቁጠረው፤ ከሁላችን ይልቅ የሚከበረው እሱ ነበር። እኛ ቀዳዳ ነጠላ ለብሰን ስንሰለፍ እሱ ቀይ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። የነገሩ ባለቤት፣ ልጄ፣ ግን እዚያ አልነበረችም። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ሳትነሳ ከቤት አላወጣትም ብዬ ለአማቴ ትቻት ነበር። አካሌ ቀበሌ ይሁን እንጂ ልቤ ቤት ነው። «ብርድ ልብሱ ፊቷ ላይ ወድቆ ይሆን? አማቴ ራሷ ተኝታ ይሆን?» እያልኩ ቁጭ ብድግ እል ነበር።

አክስቴ በእቅፏ የያዘችው የእናቴን ነጠላ ነው። እናቴ ጥጡን ራሷ ፈትላ ለሠርጓ ያሠራችው ነው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። ስትሞት ለእኔ የተረፈኝ እሱ ብቻ ነበር። ልጄ ሴት ስትሆን ከእሱ የክርስትና ቀሚስ ይውጣላት ተባለ። እኔም እሺ አልኩ፤ እሺ ካልኩበት ሰዓት ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣሁ። መቀስ አንዴ ከገባበት መመለሻ የለውም። ቢበላሽ በምን እተካዋለሁ? እናቴ ተነስታ አትፈትልልኝ።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ መኪና ቀጥ ብሎ ከመሄድ በቀር ሌላ አያውቅም። የቀበሌው መኪና ግን ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጣ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲያዞሩት ቅጠል ይሰፋል፣ ደግሞ ሲያዞሩት ማዕበል፣ ደግሞ ኮከብ፣ ደግሞ ተከታትለው የሚሄዱ ዳክዬዎች። ይህን ሁሉ የሚያውቅ መኪና የተሰጠው ሥራ የሚሊሻ ኪስ መለጠፍና የመፈክር ጨርቅ መዘምዘም ነበር። ዳክዬዎቹ ከየካ እስከ እንጦጦ ባለው አገር አንድ ቀን እንኳ ወጥተው አልታዩም።

ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ልብስ በሕዝብ መኪና አይሰፋም የሚል ውሳኔ ስለነበር፣ አክስቴ ፊቷን ሳትለውጥ፣ «ለአብዮት በዓል የምትለብሰው ነው» አለች።

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» አለች ሊቀመንበሯ።

«ገና ናት።»

«ገና ከሆነች እንዴት ትሰለፋለች፣ እማማ?»

«ታዝላ ነዋ! አብዮቱ ማንንም አይጠብቅም አላላችሁም?»

ሊቀመንበሯ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ካኪ ሱሪና ኮት የለበሰች፣ በስብሰባ ላይ ድምፅዋ ጣራ የሚነቅል ሴት ናት፤ እፈራት ነበር። ነጠላውን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። «ማን ነው የፈተለው?» አለች። «እናቴ ናት፤ ነፍሷን ይማር» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ስለ በዓሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። መቀሱን በግራ እጇ አነሳች፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስፌቱ እንደተጀመረ መርፌው ስሱን ፈትል ይዞት ወረደና መኪናው ሆድ ውስጥ ወተፈው። ጮህኩ።

«ምነው፣ መኪናውም እንደኛ ተርቧል እንዴ?» አለች አክስቴ። «እሱም ወረፋ ይያዝ እንጂ!»

«እማማ፣ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው፤ አይሰደብም» አለች ሊቀመንበሯ፣ የተወተፈውን ጨርቅ ቀስ እያለች እያወጣች። ደግነቱ አልተቀደደም። «ስስ ጨርቅ ከሥሩ ወረቀት ይፈልጋል። ከወረቀቱ ጋር ይሰፋል፤ ሲያልቅ ወረቀቱ ተቀዶ ይወጣል። ሥልጠና ላይ አሳይተውናል።»

ወረቀት ተፈለገ። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ወረቀት ደግሞ ለውይይት ክበብ የሚመጣው ጋዜጣ ብቻ ነው። አንዱን ዘርግታ ከነጠላው ሥር አደረገችው። መኪናው ጸጥ ብሎ ታዘዘ። ጋዜጣው ለዚህ እንደሚጠቅም ማን ያውቅ ነበር?

እኔ የፈለግሁት አንድ መስመር ቅጠል ነው። እሷ ግን አንዴ ከጀመረች ማን ያቆማት! አንገቱ ላይ ቅጠል፣ ደረቱ ላይ ማዕበል፣ እጅጌው ላይ ኮከብ አደረገችበት።

«ይበቃል» አልኳት።

«ለሕዝብ የመጣ ነገር ለሕዝብ ይዳረስ» አለችና ከታች በጠርዙ ዙሪያ ዳክዬዎቹን ለቀቀቻቸው። እንደ ልጅ ትስቅ ነበር።

ወረቀቱን መቅደድ ጀመርን። «ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ ክሩን እንዳታላቅቂው» እያለችኝ ሳለ ካድሬው ገባ። ጠባቂው ባንኖ ተነሳና ለማን ሰላምታ እንደሚሰጥ ግራ ቢገባው ለስፌት መኪናው ሰጠ።

ካድሬው በእጄ የያዝኩትን ቀሚስ አየ። ገና ባልተቀደደው ገጽ ላይ መድረክ ላይ የተደረደሩ ባለሥልጣናት ፎቶ አለ፤ ዳክዬዎቹ ከአንዱ ደረት ወደ ሌላው ደረት ይሄዳሉ።

«ጋዜጣውን ማን ነው የቀደደው?»

«ያለፈው ሳምንት ነው፣ ጓድ። ተወያይተንበታል» አለች ሊቀመንበሯ።

«እነዚህስ?»

«መኪናው የሚያውቀው ነው፣ ጓድ። ከወዳጅ አገር አብረው የመጡ ናቸው። እኛ የጨመርነው የለም።»

ካድሬው አጎንብሶ ዳክዬዎቹን መረመረ። ፊቱ ቀስ በቀስ ጠቆረ። «ወደ ቀኝ ነው የሚሄዱት» አለ።

ማንም አልሳቀም። በዚያ ዘመን ቀኝ መንገደኛ ተብሎ ተወስዶ የቀረ ሰው እናውቃለንና በዳክዬም ቢሆን አይሳቅም። አክስቴ ብቻ፣ «ልጄ፣ በጀርባው በኩል ቢያዩት ወደ ግራ ይሄዳሉ» አለች። ገልብጦ አየው! እውነትም ወደ ግራ ይሄዳሉ። ይህ ግን ይበልጥ አጠራጠረው።

«ልብሱ እዚህ ይቆይ። ይጣራል» አለ።

ክርስትናው ከነገ ወዲያ ነው። ክርስትና አለብኝ እንዳልል ለአብዮት በዓል ተብሏል። ቤት ስገባ ልጄ በሰላም ተኝታለች፤ እኔ ግን እናቴን ሁለተኛ የቀበርኳት ያህል አለቀስኩ። አማቴ፣ «በሌላ ነጭ ጨርቅ ትነሳ፤ ምን አለበት?» አለችኝ። ነጠላው የእሷ እናት የፈተለችው አይደለማ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሊቀመንበሯ በራችንን አንኳኳች። ካኪ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ወፍራለች። ገብታ በሩን ዘጋችና ቁልፎቹን ስትፈታ ቀሚሱ ከደረቷ ወጣ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ብለሽው ነው?» አለች አክስቴ።

«እርምጃ ወስጄበታለሁ አልኩት። አቃጠልኩት።»

«ዳክዬዎቹንም?»

«አንድም አላመለጠ» አለች። ሦስታችንም አፋችንን በእጃችን ይዘን ሳቅን። ወተት አፍልቼ ላቅርብልሽ ብላት፣ «ሳይመሽብኝ» ብላ ወጣች።

ልጄ በአያቷ ነጠላ ክርስትና ተነሳች። ከስፌቱ ሥር የቀረው ወረቀት በእርጥብ ገላዋ ረጠበና ትከሻዋ ላይ ጥቁር ቀለም ለቀቀ። ቄሱ ደንግጠው፣ «ምንድን ነው ይሄ?» ቢሉ አክስቴ፣ «ዜና ነው አባ፤ ይለቃል» አለቻቸው። በሳሙና ለቀቀ።

ሊቀመንበሯ ግን ብዙ ሳትቆይ ከቦታዋ ተነሳች። በቀሚሱ ምክንያት ይሁን በሌላ የነገረን የለም። የስፌት ክፍሉ ቁልፍ፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ለማትችል፣ መፈክር ግን ለምታውቅ ሴት ተሰጠ፤ መኪናውም ቀይ ጨርቁን ለብሶ ተኛ። የቀድሞዋ ሊቀመንበር ወደ ሠፈራ ጣቢያ ተላከች ያለ አለ፤ ኮተቤ ዘመዶቿ ጋ ገባች ያለም አለ። ያኔ ስለ ሰው መጠየቅ ራሱ ያስጠይቅ ስለነበር ዝም ብለን ቀረን።

አሁን የልጄ ልጅ ልትጠመቅ ነው። ቀሚሱን ከሳጥን ሳወጣው ፈትሉ ደህና ነው፤ አንዷ ዳክዬ ብቻ አንገቷ ተተርትሯል። መገናኛ ያለ ልብስ ሰፊ በአዲስ መኪና እሠራዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ አልሰጠሁትም፤ የሰፋችው ሊቀመንበር ራሷ እንድትጠግነው ነው የምፈልገው። ያቺ ሴት የየካ ልጅ ናት፤ በግራ እጇ ነው የምትቆርጠው፤ ስትስቅ ከንፈሯን ትነክሳለች። በሕይወት ካለች የት እንዳለች የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።