ለቄስ አየነው የሰጠሁት ሁለት ነጥብ

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሽማግሌ ቄስ ከአምስት ሁለት ሰጠኋቸው። እዚያው ፊታቸው ቁጭ ብዬ።

እዚህ ደብረ ታቦር የሰበካ ጉባኤያችን ጸሐፊ ነኝ። አገልጋዮቹን እንገምግም ያልሁትም፣ ቅጹን ከመሥሪያ ቤቴ ገልብጬ ያመጣሁትም እኔው ነኝ። (“የደንበኛ እርካታ” የሚለውን መሰረዝ ረስቼ ዲያቆናቱ ሲስቁብኝ ነበር።)

ከካህን ብዙ ይጠበቃል ብዬ አምናለሁ። ቄስ አየነው ግን ሦስት እሑድ ሙሉ ውጭ ጥዱ ሥር ቆመው አስቀደሱ እንጂ ገብተው አልቀደሱም። ማስጠንቀቂያ ልንጽፍባቸው ነበር።

ነጥቡን ከሞላሁ በኋላ “አባ፣ ምነው ሳይገቡ ከረሙ?” አልኋቸው።

ጫማቸውን አወለቁ። ከጉና ሥር ሁለት ሰዓት በእግር ነው የሚመጡት። ብርዱ ተረከዛቸውን ሰነጣጥቆት የጠቀለሉበት ጨርቅ ደም ነክቶታል።

“እየደማሁ መቅደስ እንዴት ልግባ? ቅዳሴው እንዳይታጎል ብዬ የጎረቤት ደብር ቄስ ለምኜ በኔ ተራ አስገብቻለሁ” አሉኝ።

ነጥቡን ልሰርዝ ስል እጄን ያዙኝ። “ተወው ልጄ፣ አልገባሁም እኮ።”

“የተገምጋሚ አስተያየት” በሚለው ቦታ ምን ልጻፍ ብላቸው፣ “ያን ቄስ አመስግኑልኝ በል” አሉ።

እናንተስ ሳትጠይቁ የፈረዳችሁበት ሰው አለ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አፍሬ እንዳልቀር።

እኔ ሦስቱንም እሑድ ጥዱ ሥር መስቀላቸውን ተሳልሜ ነው የገባሁት። ምነው ያልኋቸው ግን ዛሬ ነው።